መርዙን ሕጋዊ ያደረገችው ቁጥር፦ «ዳርክ ዋተርስ» በማጣሪያ መሐንዲስ ዓይን

«ዳርክ ዋተርስ»ን መጀመሪያ ያየሁት ለመዝናናት ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ግን ካልኩሌተር ይዤ ነው። አትሳቁ። ፊልሙ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ ተናድደውባት ቶሎ የሚያልፏት አንዲት ቁጥር አለች፤ እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ቁጥሯ 150 ናት። ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ ስለ «ደረጃውን አሟልቷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እና ስለ ወንዞቻችን ማወቅ የምትፈልጉ ከሆነ ከሁለት ሰዓቱ ፊልም ውስጥ ዋናው ነገር እሷ ነች ብዬ ነው የማምነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ (ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2019 የወጣ የአሜሪካ ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ቶድ ሄይንስ ይባላል። መነሻው ናትናኤል ሪች በ2016 ኒው ዮርክ ታይምስ ማጋዚን ላይ ያወጣው ረጅም ዘገባ ነው። ማርክ ሩፋሎ የሚጫወተው ሮብ ቢሎት የተባለ እውነተኛ ጠበቃ ሆኖ ነው። ቢሎት በሲንሲናቲ ከተማ የኬሚካል ኩባንያዎችን የሚወክል ጠበቃ ነበር። ልብ በሉ፣ ሥራው ለኩባንያዎቹ መሟገት ነው። በ1998 ከዌስት ቨርጂኒያ፣ ከፓርከርስበርግ አካባቢ፣ ዊልበር ቴነንት የተባለ ከብት አርቢ ቪዲዮ ካሴት በካርቶን ተሸክሞ ይመጣበታል። ላሞቼ እያለቁብኝ ነው ይላል። ከግጦሽ መሬቱ ጎን ዱፖንት የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ቆሻሻ የሚደፋበት ቦታ አለ፤ ከዚያ የሚወርደው ጅረት አረፋ ይደፍቃል። ቢሎት ጉዳዩን ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜው እዚያው ያልቃል።

ጥፋተኛው ፒኤፍኦኤ የሚባል ኬሚካል ነው፤ ስምንት ካርቦን ስላለው ሲ-8 ይሉታል። ዱፖንት ቴፍሎንን ሲያመርት እንደ ረዳት ይጠቀምበት ነበር። ኬሚካሉን ከ1951 ጀምሮ የገዛው ከሌላ ኩባንያ፣ ከስሪኤም፣ ነው።

መጀመሪያ ምስጋናውን ልጨርስ። ፊልሙ ቸኩሎ አይደለም፤ ይህ ትልቅ ድፍረት ነው። ቢሎት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በካርቶን የተከመረ ሰነድ ገጽ በገጽ ያነባል፣ ቀን ይጽፋል፣ በቀለም ይለያል። ምርምር ማለት'ኮ ይኸው ነው! በፊልም የምናየው ሳይንቲስት ብዙውን ጊዜ በአንድ ሌሊት «አገኘሁት!» ብሎ የሚጮህ ነው፤ እዚህ ግን ዓመታት ያልፋሉ፣ ጸጉር ይሸብታል፣ ስልክ አይደወልም። ነዋሪዎቹ 400 ዶላር እየተከፈላቸው ለደም ምርመራ ሲሰለፉ፣ ወደ 70,000 የሚጠጋ ሰው ደም ሰጥቶ የሳይንቲስቶቹ ቡድን መልስ እስኪያመጣ ሰባት ዓመት ገደማ ሲጠበቅ፣ ፊልሙ ያን መጠበቅ እኛም ላይ ይጭነዋል። የካሜራ ባለሙያው ኤድዋርድ ላክማንም ሁሉን ነገር ሕመምተኛ በሆነ አረንጓዴና ግራጫ ነክሮታል። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ጉሮሮዬ የደረቀ መሰለኝ።

አሁን ወደ ቁጥሯ።

ዱፖንት በ1991 ለራሱ የውስጥ አገልግሎት ለመጠጥ ውሃ የሚሆን ገደብ አውጥቶ ነበር፦ ከቢሊዮን 1 እጅ። ይህን የወሰኑት የራሱ ሳይንቲስቶች ናቸው። በዚያው ዓመት በአካባቢው ያለ አንድ የውሃ አገልግሎት ከዚህ ሦስት እጥፍ ያህል እንዳለበት ኩባንያው አውቋል። ነገሩ ወደ አደባባይ ከወጣ በኋላ፣ በ2002፣ የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት አንድ የባለሙያዎች ቡድን አቋቁሞ አዲስ ገደብ አወጣ። በቡድኑ ውስጥ የኩባንያው ሳይንቲስቶችም ነበሩበት። ገደቡ ስንት ሆነ? ከቢሊዮን 150 እጅ።

እስቲ ምን እንደተደረገ ተመልከቱ። አንድም ፓምፕ አልተገዛም፣ አንድም ማጣሪያ አልተተከለም፣ ከውሃው አንዲት ሞለኪውል አልወጣችም። ትናንት በኩባንያው በራሱ መለኪያ ከልክ ያለፈው ውሃ፣ ዛሬ ደረጃውን አሟላ። እኔ ፍሳሽ ማጣራት ስማር አምስት ዓመት የፈጀብኝን ነገር እነሱ በአንድ ወረቀት ጨረሱት።

ከዚያ ወዲህስ? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2016 ፒኤፍኦኤ ከአንድ ዘመዱ ጋር ተደምሮ ከትሪሊዮን 70 እጅ እንዳይበልጥ መከረ። በ2024 ደግሞ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከትሪሊዮን 4 እጅ የሚል አስገዳጅ ገደብ አወጣ። ቢሊዮን ወደ ትሪሊዮን ሲቀየር ሺህ እጥፍ ስለሆነ፣ 150 ማለት 150,000 ነው። ለ4 አካፍሉት፦ 37,500 እጥፍ። ካልኩሌተሩን ያወጣሁት ለዚህ ነው። ከትሪሊዮን 4 እጅ ስንት ነው ካላችሁ ደግሞ፣ አንድ ግራም ፒኤፍኦኤ 250 ሚሊዮን ሊትር ውሃን እስከ ገደቡ ያደርሰዋል። መቶ የኦሊምፒክ መዋኛ ገንዳ በሉት።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በ2002 ዛሬ የሚታወቀው ሁሉ አልታወቀም ነበር። ፒኤፍኦኤ ከኩላሊት ካንሰር፣ ከወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር፣ ከእንቅርት ዕጢ በሽታ፣ ከኮሌስትሮል መብዛት፣ በእርግዝና ጊዜ ከሚከሰት የደም ግፊት እና ከአንጀት ቁስለት ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ያ የሳይንቲስቶች ቡድን የደመደመው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። መለኪያ መሣሪያውም እንዲህ አልረቀቀም ነበር። ግን 1 የምትለዋ ቁጥር በ1991 ተጽፋ መዝገብ ቤት ተቀምጣ ነበር፤ «አላወቅንም» ማለት አይቻልም። ፊልሙ ይህን ንዴት በደንብ ያስተላልፋል። የማያስተላልፈው ግን ከዚያ የሚቀጥለውን ጥያቄ ነው፦ ለመሆኑ «ደረጃ» የሚባለው ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው?

ከብዙዎቹ የፍሳሽ ደረጃዎች ጀርባ አንድ የእንግሊዝ ሪፖርት አለ። በ1912 የብሪታንያ የንጉሣዊ ኮሚሽን ስምንተኛ ሪፖርቱን አወጣና፣ ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ፍሳሽ ቢኦዲው በሊትር ከ20 ሚሊግራም፣ ተንሳፋፊ ቅንጣቱ ደግሞ ከ30 ሚሊግራም አይበልጥ አለ። ቢኦዲ ማለት በቀላሉ፦ ውሃውን ጠርሙስ ውስጥ አሽጋችሁ፣ ጨለማ ውስጥ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አምስት ቀን ታስቀምጡታላችሁ፤ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲበሉ ስንት ኦክስጅን ጨረሱ ብላችሁ ትለካላችሁ። ብዙ ኦክስጅን ካለቀ ብዙ ምግብ ነበር፤ ያ ፍሳሽ ወንዝ ቢገባ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ያሳጣዋል። ለምን አምስት ቀን? የእንግሊዝ ወንዞች አጭር ናቸው፣ በአምስት ቀን ውስጥ ባሕር ይገባሉ ከሚል ስሌት ነው ይባላል። (ዓባይ በአምስት ቀን የት እንደሚደርስ እናንተው አስቡት።)

እዚያ ሪፖርት ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። 20 እና 30 የሚሉት ቁጥሮች የሚሠሩት ወንዙ ፍሳሹን ቢያንስ ስምንት እጥፍ በሆነ ንጹሕ ውሃ የሚያቀጥነው ከሆነ ነው። ቁጥሩ ከወንዝ ጋር ታስሮ ነው የተወለደው። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ ብቻውን በየአገሩ ተጓዘ፤ ወንዙ እንግሊዝ ቀረ። አቃቂ በነሐሴ እና አቃቂ በየካቲት አንድ ወንዝ ናቸው እንዴ? በጋ ላይ ስምንት እጥፍ ንጹሕ ውሃ ከየት ይመጣል? በአንዳንድ ቦታ እኮ በጋ ላይ ወንዙ ራሱ ፍሳሽ ነው።

ወደ ፒኤፍኦኤ ስንመለስ ነገሩ ይብሳል። በካርቦን እና በፍሎሪን መካከል ያለው ትስስር በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ውስጥ ከሚታወቁት ነጠላ ትስስሮች ሁሉ ጠንካራው ነው። ባክቴሪያ አይበላውም። ስለዚህ ፒኤፍኦኤ የሟሟበትን ንጹሕ ውሃ ለቢኦዲ ብትመረምሩት ዜሮ ገደማ ይወጣል፤ ቀለም የለውም፣ በዚያ መጠን ሽታም የለውም። በምስክር ወረቀቱ ላይ ንጹሕ ነው። ምርመራው የሚያየው የሚበላ ነገርን ብቻ ነው፤ የማይበላውን አያየውም። ደረጃ ማለት የጥያቄዎች ዝርዝር ነው፤ ያልተጠየቀው ነገር ዝም ብሎ ያልፋል። ይህን በሁለት ደቂቃ ሊያሳይ ይችል የነበረ ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ ባለመኖሩ ተናድጃለሁ፤ የጠበቆቹን ስብሰባ አንዱን ቆርጠው ቢሆን እንኳ።

አሁን ሁለተኛው ወቀሳዬ፦ መጥበሻው። ቢሎት ነገሩ ሲገባው ቤቱ ሄዶ ማድ ቤቱን ያተራምሳል፣ የማያጣብቅ መጥበሻ ያወጣል። ትዕይንቱ ይሠራል፣ ልብ ይሰቅላል። ግን ሳይንሱን ያጣምመዋል። ፒኤፍኦኤ ቴፍሎን ሲሠራ የሚገባ ረዳት ነው እንጂ ቴፍሎን ራሱ አይደለም፤ ሽፋኑ በከፍተኛ ሙቀት ሲጋገር አብዛኛው ይጠፋል፣ በመጥበሻው ላይ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው። በአሜሪካ ዋና ዋናዎቹ አምራቾች ደግሞ እስከ 2015 ድረስ ፒኤፍኦኤን አቁመዋል። የፓርከርስበርግ ሰዎች የተመረዙት እንቁላል ጠብሰው አይደለም፤ ውሃ ጠጥተው ነው። ውሃው የተበከለው ደግሞ ፋብሪካው ወደ ኦሃዮ ወንዝ ስለለቀቀ፣ ወደ አየር ስለበተነ፣ ዝቃጩን ከሥሩ መከላከያ በሌለው ጉድጓድ ስላጠራቀመ ነው። ኋላም ከ7,000 ቶን በላይ ፒኤፍኦኤ ያለበት ዝቃጭ አውጥተው ከቴነንት ግጦሽ በላይ ባለው ቦታ ደፉት። ችግሩ ያለው በቧንቧው ጫፍ ነው፤ ፊልሙ ግን ካሜራውን ወደ ምድጃው አዞረው።

ይህን የምለው ለቴክኒክ ጭቅጭቅ አይደለም። ፊልሙን ለቤተሰቤ ካሳየሁ በኋላ እናቴ መጀመሪያ ያለችው «እኔ ያን መጥበሻ ልጣለው?» ነው። እሺ፣ ትጣለው። ግን ከቤታችን አራት መቶ ሜትር ርቀት ላይ በወንዝ ዳር ጎመን እና ሰላጣ በምን ውሃ እንደሚበቅል በዚያ ምሽት ማንም አላነሳም። የእኛ ጥያቄ ከወንዝ ወደ ማድ ቤት ሲዛወር የፍሳሹ ባለቤት እፎይ ይላል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፦ ፊልሙ ውስጥ ማጣሪያ የለም። በ2004 በተደረሰው ስምምነት መሠረት ዱፖንት ለስድስት የውሃ አገልግሎቶች ማጣሪያ እንዲተክል ተገዷል። ፊልሙ ይህን በወሬ ያልፈዋል። እኔ ግን እዚያ ታንክ ውስጥ መግባት ፈልጌ ነበር። በውስጡ ያለው የነቃ ከሰል ነው፤ ቡና የምናፈላበት ከሰል ሩቅ ዘመድ፣ በእንፋሎትና በከፍተኛ ሙቀት እየተቦረቦረ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ። የአንድ ግራሙ የውስጥ ገጽ ወደ ሺህ ካሬ ሜትር ይደርሳል። ሰባት ግራም ጨብጡ፣ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ይዛችኋል። ውሃው በዚህ ውስጥ ሲያልፍ ፒኤፍኦኤው ገጹ ላይ እየተለጠፈ ይቀራል።

እስኪሞላ ድረስ! ከሰሉ ሲሞላ ማንም ደወል አይደውልም፤ ውሃው እንደ በፊቱ ጥርት ብሎ ይወርዳል፣ መርዙ ግን አብሮት ማለፍ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ሰው ናሙና መውሰድ አለበት፣ በየጊዜው፣ ለዘላለም። የሞላው ከሰልም ወጥቶ በምድጃ መቃጠል አለበት፤ ከሺህ ዲግሪ ባልራቀ ሙቀት፣ አለዚያ መርዙ ከውሃ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ፊልሙ ካሳው ሲከፈል (በ2017 ከ3,500 በላይ ለሆኑ ክሶች 671 ሚሊዮን ዶላር) የተዘጋ ይመስላል። ያ ከሰል ግን ዛሬም ይለወጣል። የተተካው ኬሚካልስ? ጄንኤክስ የተባለው ምትክ፣ ስድስት ካርቦን ያለው፣ በ2017 በሰሜን ካሮላይና በኬፕ ፊር ወንዝ ውስጥ መኖሩ ታወቀና ሌላ ጩኸት አስነሣ። ስለዚህ የፊልሙ መጨረሻ መጨረሻ አይደለም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የሚያሳስበኝን ልናገር። የ«ዳርክ ዋተርስ» ታሪክ ምሥጢር ነው፦ የተደበቀ መርዝ፣ የተቀበረ ሰነድ፣ የሚያጋልጥ ጀግና። ይህን አይቶ ያደገ ወጣት ብክለት ማለት ምሥጢር ይመስለዋል። ወደ አገራችን ስንመጣ ግን ምኑ ምሥጢር ነው? ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ሞጆ ሂዱ፣ ቆዳ ፋብሪካዎች አሉ፤ የሞጆ ወንዝ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። የአቃቂ ወንዞች አባ ሳሙኤል ይገባሉ፣ ከዚያ አዋሽ። ቀለሙ ይታያል፣ ሽታው ከመኪና መስኮት ይገባል፣ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የሚያጋልጥ ጠበቃ አንፈልግም፣ ተጋልጧል'ኮ።

ሕግም አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ2002 ነው። ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ በወጣው ጊዜያዊ ደረጃ ጠቅላላ ክሮሚየም በሊትር ከ2 ሚሊግራም፣ ሰልፋይድ ከ1 ሚሊግራም፣ ሲኦዲ ከ500 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ኬሚስትሪውም አዲስ አይደለም። ቆዳ ሲለፋ ከሚገባው ክሮም በተለመደው አሠራር ሲሶ ያህሉ ቆዳው ውስጥ ሳይገባ ከውሃው ጋር ይወጣል። ይህን ውሃ ለብቻው ይዛችሁ ኖራ ወይም ማግኒዥየም ኦክሳይድ እየጨመራችሁ ፒኤቹን ወደ 8 እና 9 ብታደርሱት ክሮሙ አረንጓዴ ጭቃ ሆኖ ይዘቅጣል። ጭቃውን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙታችሁ መልሳችሁ ማልፊያ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ገንዘብ ነው።

«ለብቻው» የምትለዋን ቃል ግን አስምሩባት። ጸጉር ከሚነቀልበት ክፍል የሚወጣው ውሃ ሰልፋይድ አለበት፣ ፒኤቹም ወደ 12 ይጠጋል። ከክሮም ክፍል የሚወጣው ደግሞ አሲድ ነው። ሁለቱን አንድ ቦይ ውስጥ ካገናኛችኋቸው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይነሣል፤ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዝና መሽተቱን ያቆማል፣ ከዚያ ይገድላል። ለዚህ ነው ሰልፋይዱ ወደ ሌላው ከመቀላቀሉ በፊት ማንጋኒዝ ሰልፌት ተጨምሮበት አየር እየተነፋ መክሰም ያለበት። ስለዚህ የቆዳ ፋብሪካ ማጣሪያ ጥሩነቱ የሚታወቀው ከትልቁ ገንዳ አይደለም፤ ከቦዮቹ ነው። ቦዮቹ ከተለያዩ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

ከቦዮቹ በኋላ ያለው ደግሞ አየር እየተነፋላቸው ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን የሚበሉበት ገንዳ ነው፤ ይህን ኤድዋርድ አርደርን እና ዊልያም ሎኬት በማንቸስተር በ1914 አቅርበውታል። ከመቶ ዓመት በላይ! ታዲያ ምሥጢሩ የቱ ላይ ነው?

ምሥጢር የለም፤ ያለው ሂሳብ ነው። አንድ ምሳሌ ስጡኝ ካላችሁ ይኸው፣ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው። ሀ የተባለ ፋብሪካ በቀን 200 ሜትር ኩብ ፍሳሽ አለው፤ አጣርቶ ክሮሙን በሊትር 2 ሚሊግራም አደረሰው። በቀን ወንዝ የሚገባው 400 ግራም ክሮም ነው። ለ የተባለው ጎረቤቱ እኩል 200 ሜትር ኩብ አለው፣ ክሮሙ ግን 10 ሚሊግራም ነው። አያጣራም፤ ከጉድጓድ 800 ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃ ስቦ ይደባልቅበታል። ናሙና ሲወሰድ፦ 2 ሚሊግራም። አሟልቷል! ወንዝ የሚገባው ግን በቀን 2 ኪሎ ነው፣ የሀን አምስት እጥፍ፤ በ300 የሥራ ቀን 600 ኪሎ። ብዙ አገሮች እንዲህ ማቅጠንን በሕግ የሚከለክሉት ለዚህ ነው፤ ግን ናሙና የሚወስድ ሰው ቧንቧ ጫፍ ቆሞ የቀጠነውን ካልቀጠነው በምን ይለየዋል? የሚያናድደው ሌላው ነገር፣ ሀ ውሃ ልቆጥብ ብሎ ፍጆታውን በግማሽ ቢቀንስና ያው 400 ግራም ቢወጣ፣ ቁጥሩ 4 ሚሊግራም ይሆንና ይቀጣል። በሊትር ብቻ የሚለካ ደረጃ ውሃ የሚያባክነውን ይሸልማል። በቀን ስንት ኪሎ፣ በቶን ቆዳ ስንት ግራም ብሎ የሚጠይቅ ደረጃ አብሮ ካልኖረ ጉድለቱ አይሞላም።

«ፍሳሽ ጭራሽ ካልወጣስ?» የሚል ሊኖር ይችላል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ የታወቀው በዚህ ነው፦ ምንም ፍሳሽ ወደ ውጭ አይለቀቅም፣ ውሃው ተጣርቶ ይመለሳል። ለተዘጋ ሐይቅ ዳር ላለ ከተማ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅ የሚፈስበት መውጫ የለውምና የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ግን «ዜሮ» የሚለው ለውሃው ነው። ማቅለሚያ ክፍል የሚጠቀመው ጨው በመጨረሻ ደረቅ ጨው ሆኖ ይወጣል፤ ዝቃጭም ይወጣል፤ ውሃውን ለማትነን ብዙ ኃይል ይገባል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ስትጎበኙ ጥርት ያለውን ውሃ በብርጭቆ ሲያሳዩአችሁ አመስግኑና ጨውና ዝቃጩ የት እንደሚሄድ ጠይቁ። ድራይ ራን የተባለውን የቴነንትን ጅረት የገደለው የተቆለለ ዝቃጭ መሆኑን አትርሱ።

እንግዲህ የእኛን ታሪክ በፊልም ልሥራ ቢለኝ ሰው፣ ጠበቃ አላስገባም። ዋና ገጸ ባሕርይዋ የማጣሪያ ኦፕሬተር ትሆናለች፤ ተንኮለኛው ገጸ ባሕርይ ደግሞ ብሎወር። አየር መንፊያው በእንዲህ ያለ ማጣሪያ ከሚሄደው ኤሌክትሪክ ብዙ ጊዜ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይበላል። ሥራ አስኪያጅ ወጪ ቀንሱ ሲል መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው፤ ቢጠፋ ምርቱ አይቆምማ! ማንም ደንበኛ አይደውልም። ባክቴሪያዎቹ ግን ለሰዓታት አየር ካጡ መሞት ይጀምራሉ፤ መልሶ ለማሳደግ ሳምንታት ይፈጃል።

ለማስተርስ ጥናቴ ናሙና ልወስድ አንድ ፋብሪካ ሄጄ ነበር። ስሙ ይቅር። ገንዳው ዳር ስደርስ ውሃው ዝም ብሏል፤ አንዲት አረፋ የለችም፣ ላዩ ጠቁሯል። ኦፕሬተሩ በዕድሜ አባቴን ያህላል። «ጋሼ፣ ብሎወሩ ተበላሸ እንዴ?» አልኩት። «ደህና ነው ልጄ፤ መምጣትህን ዛሬ ጠዋት ነው የነገሩኝ፣ አሁን አስነሣዋለሁ» አለኝ። አስነሣውም። ገንዳው እንደ ድስት ተንተከተከ፣ ሽታው ተነሣ፣ ሁለታችንም ወደ ኋላ ፈቀቅ አልን። ስንት ጊዜ ጠፍቶ እንደቆየ ብጠይቀው ወደ ፋብሪካው ቢሮ በአገጩ ጠቆመኝና ዝም አለ። እኔም አልጨቀጨቅኩትም፤ ደመወዙን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

ፊልሙ ውስጥ ቢሎት ዓመታት የፈጀበት ለምንድን ነው? ሰነድ ስለነበረ'ኮ ነው። አንድ ሰው በ1991 «1» ብሎ ጽፎ፣ ያ ወረቀት ተቀምጦ፣ ፍርድ ቤት አስገድዶ አስወጥቶት። እዚያ ፋብሪካ ከመውጣቴ በፊት የማጣሪያውን የዕለት መዝገብ እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ከፊቴ ያለው ሦስት ወር ሙሉ በአንድ ዓይነት እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ጽሑፍ ተሞልቷል፤ ኦክስጅን 2.0፣ 2.0፣ 2.0። የዚያ ቀኑም ረድፍ፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ እስከ ማታ ድረስ ተሞልቶ አልቋል።